ያላወቁት ሰርጥ ተቀበላቸው

የሚነበበው ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 27፥27 እስከ 28፥10



በዚህ ሳምንት የምናነበው የመርከብ አደጋ ታሪክ ነው። ይህን ክፍል ስናነብ አብዛኛውን ጊዜ ልባችን የሚቀረው ማዕበሉ ላይ ነው፤ ወይም በጳውሎስ እጅ ላይ የተንጠለጠለው እፉኝት ላይ። ዛሬ ግን እስቲ ቦታውን አብረን እንየው። ሉቃስ ነፋሱ ከየት እንደ ነፈሰ፣ ውሃው ምን ያህል ጥልቅ እንደ ነበር፣ ስንት መልህቅ እንደ ተጣለ፣ በመርከቡ ላይ ስንት ነፍስ እንደ ነበረ ሳይቀር ጽፎልናል። ይህ ሁሉ ዝርዝር ለከንቱ አልተጻፈም። እግዚአብሔር ሰዎቹን ያዳነው በአንድ በሚታወቅ ቦታ፣ በድንጋይና በአሸዋ መካከል ነው።

ሰርጥ ምንድን ነው?

አብዛኞቻችን የደጋና የቆላ ልጆች ነን፤ ባሕር ዳር ያደግነው ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በቀላሉ እንነጋገር። ደሴት ማለት ዙሪያዋን ባሕር የከበባት ምድር ናት። ዳርዋ ገደል ከሆነ መርከብ ሊጠጋት አይችልም፤ ማዕበሉ አንሥቶ ከቋጥኝ ጋር ያላትመዋል። አንዳንድ ቦታ ግን ባሕሩ ወደ የብስ ገባ ብሎ ይተኛል። ግራና ቀኙ ኮረብታ ይሆናል፣ መጨረሻው ላይ አሸዋ ወይም ጠጠር ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ ሰርጥ የምንለው ይህን ነው። ከውጭ ማዕበሉ ሲያገሣ ሰርጡ ውስጥ ውሃው ረገብ ይላል።

የታሪካችን ደሴት ማልታ ናት፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ መላጥያ ትባላለች። ትንሽ ናት፤ ርዝመትዋ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ወርድዋ ደግሞ ከዚያ እኩሌታ ትንሽ ይበልጣል። ከዓመት እስከ ዓመት የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ ሸለቆዎችዋ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ውሃ የሚወርድባቸው ናቸው። እንዲህ ዓይነት ደረቅ ወንዝ እኛም እናውቃለን፤ አይደል?

ከጥንት ጀምሮ የጳውሎስ መርከብ የተሰበረችበት ተብሎ የሚታወቀው ሰርጥ በደሴቲቱ ሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። ሌሎች ሰርጦችን የሚጠቁሙ አጥኚዎችም አሉ። ጄምስ ስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ሰው፣ ራሱ ጀልባ ቀዛፊ የነበረ፣ ማልታ ላይ ክረምቱን ተቀምጦ ባሕሩን አጠና። በ1848 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከቀርጤስ አጠገብ በዚያ ነፋስ የተነዳች መርከብ ወደ ማልታ ለመድረስ የሚፈጅባትን ቀን ቢያሰላ ሉቃስ ከጻፈው ጋር የሚገጥም ሆኖ አገኘው። መንገዱ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ፀሐይም ከዋክብትም ሳይታዩ ማለት ነው።

ዛሬ የማልታ ሰዎች ቦታውን «ሳን ፓውል ኢል ባሓር» ይሉታል። «ባሓር» የሚለውን ሰማችሁት? የእኛው «ባሕር» ነው። ማልታኛ ከዓረብኛ የወጣ፣ እንደ አማርኛና እንደ ትግርኛ ከሴም ቋንቋዎች የሚቆጠር ነው። ወደ ባሕር የወጣውን የምድር ጫፍ «ራስ» ይሉታል፤ ምንጩንም «ዓይን» ይሉታል። በሰርጡ ዳር በሐዋርያው ስም የሚጠራ አንድ የውሃ ዓይን አለ። እንግዳ ያልነው አገር አንዳንዴ ከምናስበው ይልቅ ይቀርበናል።

ሁለት ወደቦች

በምዕራፍ 27 መጀመሪያ ላይ ሌላ ወደብ አለ። በቀርጤስ ደቡብ ዳርቻ ያለ፣ ስሙ «መልካም ወደብ» ነው። ቀርጤስ ከ2,400 ሜትር በላይ የሚወጡ ተራሮች ያሉባት ወጣ ገባ ደሴት ናት፤ ተራሮቹም በደቡብ በኩል እስከ ባሕሩ ይወርዳሉ። መልካም ወደብ ስሙ ያማረ ቢሆንም ለክረምት አይመችም ነበር። የመርከቡ ሰዎች አልወደዱትም። ጳውሎስ «ከዚህ ብንነሣ ጉዳት ያገኘናል» ብሎ መከራቸው፤ የመቶ አለቃው ግን መሪውንና ባለ መርከቡን ሰማ። ብዙዎቹም ፍንቄ ወደሚባለው የተሻለ ወደብ እንሂድ አሉ። ለስለስ ያለ የደቡብ ነፋስ ሲነፍስ ያሰቡት የተሳካ መሰላቸው። ጥቂት እንደ ሄዱ ከደሴቲቱ ላይ ዐውሎ ነፋስ ወረደባቸው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያልተመቸ ቦታ ላይ ያለ ሰው የተሻለ ቢመኝ ኃጢአት የለበትም። እኛም እዚህ የተሰበሰብነው ይህን ካምፕ መርጠን አይደለም። ፀሐዩ፣ አቧራው፣ የራሽን ሰልፉ፣ «ጉዳያችሁ እየታየ ነው» የሚለው መልስ ሁሉ ያደክማል። ነገር ግን ለስለስ ያለ ነፋስ ሁሉ የእግዚአብሔር ድምፅ አይደለም። ደላላውም ሲመጣ ንግግሩ ለስላሳ ነው። መንገዱ ክፍት ነው ይላል፣ እከሌ ደርሷል ይላል፣ ገንዘቡን በኋላ ትከፍላለህ ይላል። ስለ ዐውሎ ነፋሱ አይነግራችሁም።

ማልታ ያለችበት ባሕር ዛሬም የስደተኛ መንገድ መሆኑን ታውቃላችሁ። ከሊቢያ ዳርቻ ተነሥተው በዚያ ባሕር የሄዱ የእኛ ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ማልታ ደርሰዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ግን በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ቀርተዋል። ከዚህ ካምፕም ፎቶግራፋቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው የሚጠብቁ እናቶች አሉ። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ ስናነብ እንጠንቀቅ። «ከእናንተ አንድ ነፍስ አይጠፋም» የሚለው ተስፋ ለጳውሎስና በዚያች መርከብ ላይ ለነበሩት የተሰጠ ቃል ነው። ተነሥቼ «አምናችሁ ግቡ፣ ባሕሩ ማንንም አይነካም» ብላችሁ ሐሰተኛ ነቢይ መሆኔ ነው። የቀሩት ልጆች እምነት አንሷቸው አልቀሩም። እግዚአብሔር ስማቸውን ያውቃል፤ ባሕርም ሙታንዋን የምትመልስበት ቀን እንዳለ መጽሐፍ ይነግረናል (ራእይ 20፥13)።

ዘንበል ያለው በኩል

አሁን ወደ ሰርጡ እንመለስ። የምድርን አሠራር የሚያጠኑ ሰዎች ስለ ማልታ አንድ ነገር ይነግሩናል። ደሴቲቱ ዘንበል ያለች ናት። በደቡብ ምዕራብ በኩል ከፍ ብላ ቆማለች፤ ዲንግሊ በሚባለው ቦታ ገደሉ ከባሕሩ 250 ሜትር ያህል ይወጣል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ደግሞ ዝቅ ብላለች። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ታላቁ በረዶ ቀልጦ ባሕሩ ከፍ ሲል፣ ውሃው ዝቅ ባለው በኩል ወደ ሸለቆዎቹ አፍ ገባ። ሸለቆ የነበረው ሰርጥ ሆነ። የጳውሎስ ሰርጥ፣ መሊሓ፣ በዋና ከተማዋ በቫሌታ ያለው ትልቁ ወደብ፣ ሁሉም የተገኙት በዚሁ በኩል ነው። በጳውሎስ ሰርጥ መጨረሻ ላይ ፑዋሌስ የሚባለው ሸለቆ ዛሬም ይታረሳል፤ የታችኛው ክፍሉ ግን የባሕር ሆኗል።

ይህን ሳስብ ይገርመኛል። ያ ከፍ ብሎ የቆመው ገደል ያምራል፣ ከሩቅ ይታያል፤ ግን ማንንም አይቀበልም። መርከቢቱ በዚያ በኩል መጥታ ቢሆን ኖሮ ምን ትሆን ነበር? ሰው የተቀበለው ዝቅ ያለው በኩል ነው። ሰርጥ የሆነውም አንድ ነገር አጥቶ ነው፤ ደረቅ መሬቱን ለባሕሩ ለቋል። ምድሪቱ ያጣችበት ቦታ መጠጊያ ሆነ።

ወገኖቼ፣ በመካከላችን ብዙ ያጡ ሰዎች አሉ። ቤት ያጣ አለ፣ ልጅ የቀበረ አለ፣ የተማረበትን ወረቀት መንገድ ላይ የጣለ አለ። ሰው ሲያጣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። እንደ ገደል ቀጥ ብሎ «ማንም እንዳይጠጋኝ» ሊል ይችላል፤ ይህንንም አንፈርድበትም፣ ቁስል ነውና። ወይም ያ የተጎዳው በኩል ሌላ ሰው የሚገባበት ይሆናል። አዲስ የመጣች እናት ልጆችዋን ይዛ ማታ ስትደርስ ማን በር ይከፍትላታል? ብዙ ጊዜ የሚከፍትላት ራሱ በሌሊት የመጣ፣ ያንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ነው። ጌታችን ኢየሱስም ራሱን ዝቅ አደረገ (ፊልጵስዩስ 2፥8)። እኛ የገባነው በተወጋው ጎኑ በኩል ነው።

በጨለማ የተጣለ መልህቅ

በ14ኛው ሌሊት መርከበኞቹ የብስ የቀረበ መሰላቸው። ገመድ አውርደው ጥልቀቱን ለኩ፤ በእኛ መለኪያ ወደ 37 ሜትር ሆነ። ጥቂት ሄደው ደግመው ለኩ፤ 28 ሜትር ያህል ሆነ። ባሕሩ እያነሰ ነው፤ ምድር አለ፤ ግን አይታይም። ድንጋይ ላይ እንዳይወድቁ ፈርተው ከኋላ በኩል አራት መልህቅ ጣሉ፤ ከዚያም እንዲነጋ ተመኙ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ መርከበኞቹ አንድ ዘዴ አሰቡ። «ከፊት በኩል መልህቅ ልንጥል ነው» ብለው ትንሿን ጀልባ አወረዱ፤ ሐሳባቸው ግን ሌላውን ጥለው ማምለጥ ነበር። ጳውሎስ ይህን አይቶ ለወታደሮቹ ነገራቸው፤ እነዚህ ካልቀሩ እናንተም አትድኑም አላቸው። ወታደሮቹ የጀልባዋን ገመድ ቆርጠው ለቀቋት።

ልብ በሉ፤ ጳውሎስ የከለከለው ጉዞን አይደለም። ነገ ጠዋት ሁሉም መርከቡን ጥሎ ይወጣል። የከለከለው በሐሰት፣ በጨለማ፣ ሌላውን ጥሎ መሄድን ነው። መርከብ መንዳት የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ነበሩና። በእኛም መካከል እንዲህ ያለች ትንሽ ጀልባ አለች። የጋራ ዕቁቡን ገንዘብ ይዞ በሌሊት መጥፋት፣ ለራስ ጉዳይ ሲባል በሌላው ላይ ሐሰት መመስከር፣ የብሎኩን ስም ዝርዝር ይዞ የዘመድን ስም ብቻ ማስገባት፣ ሚስትና ልጅን «ውሃ ልቀዳ» ብሎ ጥሎ መሄድ። ወንድሜ ሆይ፣ መሄድህ ካልቀረ እንኳ በብርሃን ሂድ። ለእናትህ ንገራት፤ ሽማግሌ አማክር፤ ዕዳህን ክፈል፤ ይጸለይልህ።

ሊነጋ ሲል ጳውሎስ እንጀራ አንሥቶ በሁሉ ፊት አመስግኖ ቆረሰና በላ። ሁሉም ተጽናንተው በሉ፤ 276 ነፍስ ነበሩ። ወታደሩም እስረኛውም ነጋዴውም አብሮ በላ። መርከቡ ገና አልዳነም፤ ምድሪቱ ገና አልታየችም። ምስጋናው ግን ከንጋቱ ቀደመ።

መርከቡ አልደረሰም

በነጋ ጊዜ ምድሪቱን አላወቋትም፤ ግን አሸዋ ያለበት ሰርጥ አዩ። መርከቡን ወደዚያ ሊነዱት አሰቡ፤ መልህቆቹን ቆረጡ፣ ሸራውን ለነፋሱ ሰቀሉ። ሰርጡ ውስጥ ግን አልደረሱም። ሁለት ባሕር በተገናኘበት ቦታ መርከቡ መሬት ነካ። ዛሬም በጳውሎስ ሰርጥ አፍ ላይ ሰው የማይኖርበት ትንሽ ድንጋያማ ደሴት አለ፤ በእርሱና በዋናው ምድር መካከል ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ከሁለት በኩል የሚመጣው ውሃ እዚያ ይገናኛል። ሉቃስ የጻፈው ይህንን ቦታ ነው የሚሉ አሉ። የመርከቡ አፍንጫ ተተክሎ ቀረ፤ የኋላውን ማዕበሉ ሰባበረው።

ወታደሮቹ እስረኞቹ እንዳያመልጡ ሊገድሏቸው አሰቡ። የመቶ አለቃው ጳውሎስን ሊያድን ፈልጎ ከለከላቸው። መዋኘት የሚችል ዋኘ፤ የማይችል በሳንቃና በመርከቡ ስብርባሪ ላይ ሆኖ ሄደ። ሁሉም ምድር ደረሱ።

ብዙዎቻችን እየጠበቅን ያለነው መርከቡ ሙሉውን እንዲደርስ ነው። ቤቱ እንደ ነበረ፣ ሥራው እንደ ነበረ፣ ቤተሰቡ አንድም ሳይጎድል። እግዚአብሔር ለጳውሎስ አስቀድሞ የነገረው መርከቡ እንደሚጠፋ ነው። አንዳንዱ ሰው መዋኘት ይችላል፤ ቋንቋ ያውቃል፣ ሥራ ያገኛል። ሌላው ሳንቃ ላይ ነው የሚመጣው፤ በልጁ ትምህርት፣ በጎረቤቱ ብድር፣ በአንዲት የልብስ ስፌት መኪና። በሳንቃ የመጣውን አንናቅ። ለሁለቱም አሸዋው አንድ ነው።

እሳትና ጭራሮ

የደሴቲቱ ሰዎች ግሪክኛ የማይናገሩ ስለ ነበሩ እንደ ባዕድ ይቆጠሩ ነበር። እነርሱ ግን ዝናብና ብርድ ስለ ነበረ እሳት አንድደው ሁሉንም ተቀበሉ። ሉቃስ ደግነታቸው የተለመደ ዓይነት እንዳልነበረ ይመሰክርላቸዋል። ማን እንደ ሆኑ አልጠየቁም፤ በመጀመሪያ አሞቋቸው።

ጳውሎስ ምን አደረገ? ጭራሮ ሰበሰበ። ሐዋርያው፣ በዚያ ሁሉ ድካም ላይ፣ እንግዳ ሆኖ ሳለ ጎንበስ ብሎ ማገዶ ለቀመ። እሳቱ እንዳይጠፋ የእንግዳውም እጅ ያስፈልጋል። እዚህ ካምፕ ማገዶ ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናቶቻችን መንገር አያስፈልግም። ለማገዶ ርቀው ሄደው ፈርተው የተመለሱ እህቶች አሉ። ባለ አገሩም «ዛፋችንን ጨረሱት» ብሎ ያዝናል፤ እውነትም አለው። ሁለታችንም ድሆች ነን። ስለዚህ እኛስ ለዚህ አገር እሳት ምን ጭራሮ እንጨምራለን? ችግኝ መትከል፣ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ መሥራት፣ የጎረቤት መንደር ለቅሶ ላይ መድረስ፣ የእነርሱን ቋንቋ ሰላምታ እንኳ መማር።

ከጭራሮው ውስጥ እፉኝት ወጣ። ሰዎቹ ወዲያው «ይህ ነፍሰ ገዳይ ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተው ምንም ሳይሆን ሲቀር «አምላክ ነው» አሉ። ሁለቱም ስሕተት ነበር። ስደተኛም እንዲሁ ነው፤ አንድ ነገር ሲጠፋ ሌባ ይባላል። ጳውሎስ አልተከራከረም፤ እፉኝቱን ወደ እሳቱ አራገፈ፣ ሥራውን ቀጠለ። ከዚያም በፑፕልዮስ ቤት በንዳድና በተቅማጥ የታመመውን አባቱን ጸልዮ እጁን ጫነበት፤ ተፈወሰ። ሌሎችም ሕመምተኞች እየመጡ ተፈወሱ። ተቀባይና ተረጂ የነበረው ሰው ለአገሩ በረከት ሆነ።

«ጳውሎስ እዚያ የቆየው ሦስት ወር ነው፤ እኔ ስንት ዓመቴ ነው!» የሚል ይኖራል። ልክ ነህ ወንድሜ፣ ልክ ነሽ እህቴ። ግን አስታውሱ፤ ጳውሎስ ከዚያ በፊት በቂሣርያ ጉዳዩ ሳይወሰን ሁለት ዓመት ታስሮ ቆይቷል (24፥27)። ከዚያም በኋላ ሮም ላይ ሌላ ሁለት ዓመት ጠብቋል (28፥30)። መዘግየትን ያውቃል። በየቦታው ግን ሰው ሆኖ ኖረ። ማልታን ሮም አላላትም፤ እንደ መሸጋገሪያ ብቻ ቆጥሮም አልናቃትም። እዚያ ሳለ እዚያ ነበር።

የማልታ ሰዎች በየዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በየካቲት 10 ቀን ያንን የመርከብ መሰበር በዓል አድርገው ያስባሉ። የተሰበረውን ቀን ማለት ነው፤ የተነሡበትን ሳይሆን። ስሙን የማያውቁት ሰርጥ ዛሬ በእስረኛው ስም ይጠራል። ጌታ እኛ ያለንበትን ይህን ቦታ ደግሞ በምን ስም እንደሚያስጠራው እርሱ ያውቃል።

ለውይይት (በየቤት ኅብረቱ)

1. ሳትመርጡት የተቀበላችሁ «ሰርጥ» የትኛው ነው? ማን ነበር እሳት ያነደደላችሁ?
2. በብሎካችን ውስጥ በጨለማ የምትወርድ «ትንሽ ጀልባ» ምንድን ናት? ገመዷን እንዴት እንቁረጥ?
3. በዚህ ሳምንት ለአካባቢው ሰዎች ልንጨምር የምንችለው አንድ ጭራሮ ምንድን ነው?

ጸሎት

ጌታ ሆይ፣ ምድርን ሳናይ መልህቅ ጥለን ንጋትን እንጠብቃለን። ባሕር ላይ ያሉትን ልጆቻችንን አስብ፤ የቀሩባቸውን እናቶች አጽናና። የተጎዳንበትን በኩል ለሌላው መጠጊያ አድርገው። በተቀበለን ምድር ላይ በረከት አድርገን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።